የካይሮን ተመልካች የሚያስፈራው ምንድን ነው? ከኢስማኢል ያሲን የጨረቃ ጉዞ እስከ “ሰማያዊው ዝሆን”

በፈረንጆቹ መጋቢት 2021 የመጨረሻ ሳምንት በግብጽ ክፉ ወሬ በላይ በላዩ ተደራረበ። ግዙፏ “ኤቨር ጊቭን” መርከብ የስዊዝ ቦይን ዘግታ ቆመች፤ በሶሃግ ሁለት ባቡሮች ተጋጭተው ሰዎች ሞቱ፤ በማግስቱ ደግሞ ካይሮ ውስጥ አንድ የመኖሪያ ህንጻ ተደረመሰ።

በዚያው ሰሞን መንግስት የ22 ጥንታዊ ነገስታትና ንግስታት ሙሚዎችን ከታህሪር አደባባይ ሙዚየም ፉስታጥ ወደሚገኘው አዲስ ሙዚየም ለማዛወር ሽር ጉድ ይል ነበር። የማህበራዊ ሚዲያ ተጠቃሚዎች ሁለቱን ወሬ ለማገናኘት ጊዜ አልፈጀባቸውም፤ ነገስታቱ ከእንቅልፋቸው ስለተነኩ ተቆጥተዋል፣ ነገሩ “የፈርኦኖች እርግማን” ነው ተባለ። የስነ ቁፋሮ ባለሙያው ዛሂ ሃዋስ ወጥተው እርግማን የሚባል ነገር የለም ብለው እስከማስተባበል ደረሱ።

ሚያዝያ 3 ምሽት ግን ነገስታቱ የጥንት ጀልባ በሚመስሉ መኪኖች ተጭነው በካይሮ ጎዳናዎች ሲያልፉ አገሬው ቴሌቪዥን ፊት ተቀምጦ በኩራት ተመለከታቸው። የሰልፉን ሙዚቃ ያቀናበረው ሂሻም ናዚህ ነው። ይህ ሰው ከዚያ በፊት በግብጽ ብዙ ሰው ያየውን አስፈሪ ፊልም “ሰማያዊው ዝሆን”ንም በሙዚቃ ያጀበ ነው።

ግማሽ ቀልድ፣ ግማሽ እምነት፤ ከሁለቱም በኋላ ኩራት። የካይሮ ተራ ተመልካች ለአስፈሪና ለሳይንስ ልብወለድ ፊልሞች ያለው ፍርድም ከዚህ ብዙ አይርቅም። ሆሊውድ “ይህን ፍራ” ሲለው ይስቃል፤ አያቱ የነገረችውን ሲያሳዩት ግን መብራት አጥፍቶ መተኛት ይከብደዋል።

ሙሚ፦ ለሆሊውድ ጭራቅ፣ ለካይሮ ቅድመ አያት

የሙሚ ፊልም ታሪክ የሚጀምረው ከጋዜጣ ነው። የቱታንካሙን መቃብር በ1922 ተገኘ፤ የቁፋሮው ገንዘብ አቅራቢ ሎርድ ካርናርቮን በቀጣዩ ዓመት ካይሮ ውስጥ ሞተ፤ የእርግማን ወሬም በዓለም ተናኘ። የመቃብሩን ዜና ከዘገቡት ጋዜጠኞች አንዱ የነበረው ጆን ባልደርስተን በ1932 ቦሪስ ካርሎፍ የተወነበትን “ዘ ማሚ” ጻፈ። ከዚያ ወዲህ በጨርቅ የተጠቀለለው አስከሬን ከሆሊውድ አልጠፋም። ብዙዎቻችን በቪዲዮ ቤት ዘመን ያየነው የ1999ኙ ፊልም የግብጽ በረሃ እያለ የሚያሳየን ሞሮኮን ነው።

ግብጻዊው ሻዲ አብደል ሰላም በ1969 “አል ሙሚያ”ን ሲሰራ የተነሳ አስከሬን አላሳየም። ታሪኩ በ1881 በደይር ኤል ባህሪ የተደበቁ የነገስታት አስከሬኖችን ለዓመታት በድብቅ እያወጣ ሲሸጥ የኖረ ጎሳ ነው። እዚህ የሚያስፈራው ሙታን መነሳታቸው አይደለም፤ ህያዋን ሙታናቸውን መሸጣቸው እንጂ። የዱባይ ዓለም አቀፍ ፊልም ፌስቲቫል በ2013 ባወጣው የ100 ምርጥ የአረብ ፊልሞች ዝርዝር አንደኛ የወጣው ይህ ፊልም ነው።

እውነቱን ለመናገር ግን “አል ሙሚያ” ድካም ተሸክሞ ከስራ የተመለሰ ሰው የሚያየው ፊልም አይደለም። ቀስ ይላል፤ ንግግሩም የመጽሃፍ አረብኛ ነው። ባለሙያ ያከበረውን ሁሉ ተራ ተመልካች ይወደዋል ማለት አይቻልም።

ጭራቅን በሳቅ ማባረር

ተራው ተመልካች የሚወደው ኢስማኢል ያሲንን ነበር። ይህ ትልቅ አፍ ያለው ኮሜዲያን በ1950ዎቹ በስሙ ፊልም የሚሰራለት ሰው ነበር። አሜሪካኖች በ1948 ሁለት ኮሜዲያንን ከፍራንከንስታይን ጭራቅ ጋር ያገናኙበትን ፊልም ግብጾች ወደ ራሳቸው ቀልድ መልሰው “ሃራም አሌክ” ብለው ሲሰሩት ከጭራቁ ፊት ያቆሙት እሱን ነው።

በ1959 ደግሞ “ጉዞ ወደ ጨረቃ” ወጣ። ስፑትኒክ ከተተኮሰች ሁለት ዓመት ሆኗት ነበር፤ ጋጋሪን ወደ ህዋ ለመውጣት ገና ሁለት ዓመት ይቀረው ነበር። በመሃል ኢስማኢል ያሲን ሳያስበው ሮኬት ውስጥ ገብቶ ከሩሽዲ አባዛ ጋር ጨረቃ ላይ ደረሰ። የጨረቃው አለት ካርቶን መሆኑ ዛሬ ያስታውቃል፤ ሮቦቱም ቆርቆሮ ነው። ቀልዱ ግን አሁንም ይሰራል፤ ምክንያቱም ጨረቃ ላይ የደረሰው ምድር ላይ እንኳን የተሰጠውን ስራ በቅጡ የማይሰራ ተራ ሰው ነው። እኔ ብሆን ከብዙዎቹ ውድ የህዋ ፊልሞች ይልቅ ይህን እመርጣለሁ።

ይህ ሳቅ ዋጋ አስከፍሏል። በግብጽ የአስፈሪ ፊልም መንገድ ከሳቅ ጋር ተጣብቆ ስለቀረ፣ ያለ ቀልድ ሊያስፈራ የመጣ ፊልም ሰሪ ተመልካቹን ግራ ያጋባው ነበር።

የተናቀው ቢላዋ

የዚህ ትልቁ ምስክር የዩሱፍ ሻሂን “ባብ ኤል ሃዲድ” ወይም “ካይሮ ጣቢያ” ነው። ፊልሙ በ1958 በራምሲስ ባቡር ጣቢያ ተቀረጸ። ሻሂን ራሱ አንካሳውን ጋዜጣ ሻጭ ቂናዊን ሆኖ ተወነ፤ ሂንድ ሩስቶም ለስላሳ መጠጥ የምትሸጠውን ሃኑማን፤ ፋሪድ ሻውቂ ደግሞ እጮኛዋን ሆነ። ቂናዊ ሃኑማን ያፈቅራል፤ እሷ ትስቅበታለች፤ እሱ ቢላዋ ይገዛል።

ተመልካቹ የመጣው የፋሪድ ሻውቂን ቡጢ ለማየት ነበር፤ የጠበቀው ግን የታመመ አእምሮ ውስጥ የሚደረግ ጉዞ ነው። ፊልሙ ተጠላ፤ ለረጅም ዓመታትም ከሲኒማ ራቀ። ሂችኮክ “ሳይኮ”ን ያወጣው ከዚህ ሁለት ዓመት በኋላ መሆኑን ላስተዋለ ነገሩ ይገርማል። በኋላ በተጠቀሰው የዱባይ ዝርዝር “ካይሮ ጣቢያ” ሁለተኛ ወጥቷል። የካይሮ ተመልካች ብዙ ጊዜ ልክ ነው፤ በዚህ ፊልም ግን አልነበረም ባይ ነኝ።

በ1981 የወጣው የመሃመድ ሺብል “አንያብ” እጣም ተመሳሳይ ነው። “አንያብ” ማለት ክራንቻ ነው። ድራኩላን ሆኖ የሚጫወተው የሰፈር ዘፈን ንጉስ የነበረው አህመድ አዳዊያ ነው፤ ተረቱን የሚተርከው ደግሞ አንጋፋው ዳይሬክተር ሃሰን ኤል ኢማም። መሃል ላይ ፊልሙ ታሪኩን አቁሞ የዘመኑን ደም መጣጮች ያሳየናል፤ ቧንቧ ሰራተኛው፣ ባለ ታክሲው፣ በግል የሚያስጠናው መምህር። ሁሉም ክራንቻ አላቸው። ሳዳት ገበያውን ከከፈቱ በኋላ ኑሮ የናረባት ካይሮ ማለት ይህች ናት። በአማርኛም “ደም መጣጭ” ስንል ስለ ድራኩላ ብቻ ስለማናወራ ቀልዱን ማንም ሳያስረዳን እንረዳዋለን። ለጊዜው ተመልካች ግን ዘፈኑም ጥርሱም እንግዳ ሆነበት፤ ፊልሙ ገበያ አላገኘም።

ጂኒው ሲመጣ ሳቅ ቆመ

በ1985 ነገሩ ተገለበጠ። የግብጽ የኮሜዲ ንጉስ አዴል ኢማም “ሰውና ጂኒ” በተባለው ፊልም ዩስራን የሚያፈቅር ጂኒ ሆኖ መጣ። አዴልን ሲያይ ለመሳቅ የተዘጋጀ ተመልካች እዚህ የሚስቅበት አጣ። ሁለት ዓመት ቆይቶ ሺብል ራሱ ዩስራንና ማህሙድ ያሲንን ይዞ “አል ታዊዛ” ማለትም “ክታቡ”ን ሰራ፤ ቤታችንን አንሸጥም ያለ ቤተሰብ ላይ የተላከ መተት ነው ታሪኩ።

ልዩነቱ ግልጽ ነው። ድራኩላን ካይሮ ውስጥ ማንም አያምንበትም። ጂኒ ግን በቁርዓን የተጠቀሰ ፍጡር ነው፤ መተትን የሚፈራ ጎረቤት ደግሞ በየፎቁ አይጠፋም። ቡዳና መተት ሲባል እየሰማ ላደገ አበሻ ይህ ማብራሪያ አያስፈልገውም። እንዲያውም ዛር ራሱ በ19ኛው ክፍለ ዘመን ከኢትዮጵያና ከሱዳን በኩል ወደ ግብጽ እንደገባ ብዙ አጥኚዎች ይናገራሉ። በመሃል ካይሮ “መካን” በተባለው አነስተኛ ቤት “መዛሂር” የተባለው ቡድን እስከ ቅርብ ዓመታት የዛር ከበሮ ሲመታ ኖሯል፤ መሪዎቹ ሴቶች ናቸው።

ተመልካቹን ያሰለጠኑት የኪስ መጽሃፍት

አምራቾች “የእኛ ሰው አስፈሪ ነገር አይወድም” ሲሉ የግብጽ ልጆች ሌላ ቦታ ሲፈሩ ነበር። የጣንታው ሃኪም አህመድ ካሊድ ታውፊቅ በ1993 “ማ ዋራ አል ጣቢዓ” የተሰኘ ተከታታይ የኪስ መጽሃፍ ጀመረ። የመጀመሪያውን ረቂቅ የአሳታሚው ኮሚቴ ጥሎት እንደነበርና ደራሲው ናቢል ፋሩክ በበጎ አስተያየቱ እንዳዳነው ይታወቃል። ዋና ገጸ ባህሪው ዶክተር ሪፋት ኢስማኢል ራሰ በራ፣ ከሲታ፣ ልበ ህመምተኛ፣ ሲጋራ የማይጥልና ሁሉን የሚተች የደም ሃኪም ነው። ተከታታዩ እስከ 2014 ድረስ ወደ 80 የሚጠጉ ቁጥሮች ወጥቶለታል።

ሃያሲያን ለዚህ ጽሁፍ ቦታ አልሰጡትም። በሚያዝያ 2018 ታውፊቅ በ55 ዓመቱ ሲሞት ግን በቀብሩ ላይ የታዩት ወጣቶች ብዛት ስንት ሰው በእሱ እንዳደገ አሳየ።

በዚህ የተኮተኮተ ትውልድ ነው በ2014 የኢድ አል ፈጥር ሰሞን “ሰማያዊው ዝሆን”ን ሊያይ ትኬት የቆረጠው። የአህመድ ሙራድን ልብወለድ ማርዋን ሃመድ ወደ ፊልም ቀየረው። ካሪም አብደል አዚዝ የሚጫወተው የአእምሮ ሃኪም ከአምስት ዓመት በኋላ ወደ አባሲያ ሆስፒታል ሲመለስ፣ በነፍስ ግድያ የተከሰሱ ህሙማን በሚያዙበት “8 ምዕራብ” ክፍል የድሮ ጓደኛውን ያገኛል። አባሲያ ለካይሮ ሰው “አማኑኤል” ለአዲስ አበባ ሰው እንደሆነው ነው፤ ስሙ ብቻውን ታሪክ አለው። ሰውዬው አብዷል ወይስ ጂኒ ሰፍሮበታል የሚለው ጥያቄ ፊልሙን እስከ መጨረሻው ይሸከመዋል።

በነገራችን ላይ ልብወለዱ በዚያው ዓመት አቡዳቢ ላይ በሚሰጠው ዓለም አቀፉ የአረብኛ ልብወለድ ሽልማት የመጨረሻ ዕጩዎች ውስጥ ነበር። ያሸነፈው የኢራቃዊው አህመድ ሰዓዳዊ “ፍራንከንስታይን በባግዳድ” ሆነ። ኢስማኢል ያሲን የሳቀበት ጭራቅ ከ60 ዓመት በኋላ የአረብ ስነ ጽሁፍ ትልቅ ሽልማት ወሰደ ማለት ነው።

ሁለተኛው “ሰማያዊው ዝሆን” በ2019 ከ100 ሚሊዮን የግብጽ ፓውንድ በላይ አስገብቶ ክብረ ወሰን ሰበረ። “የእኛ ሰው አስፈሪ ነገር አይወድም” የሚለው ብሂል በገንዘብ ቋንቋ ተዘጋ።

ስለ ነገ ማን ያልም?

የሳይንስ ልብወለድ ግን አሁንም በግብጽ ቀጭን ነው። ከማል ኤል ሼክ በ1987 ኑር ኤል ሻሪፍን ይዞ በኒሃድ ሻሪፍ ልብወለድ ላይ ተመስርቶ የሰራው “ቃሂር አል ዘማን” ሰዎችን በቅዝቃዜ አቆይቶ ለሌላ ዘመን ስለማሻገር ነው፤ ከሱ በኋላ ብዙም የተከተለ የለም። አንዱ ምክንያት ገንዘብ ነው። ሌላው ተመልካቹ እንዲፈርድ አለመፈቀዱ ነው፤ በሰኔ 2003 የግብጽ ሳንሱር “ማትሪክስ ሪሎድድ”ን የፈጣሪንና የፍጥረትን ጉዳይ ያነሳል፣ ሁከትም ይበዛዋል ብሎ ከልክሏል። የመጀመሪያው “ማትሪክስ” ያለ ችግር ታይቶ ነበር፤ የጀመሩትን ታሪክ መጨረሻ መከልከል ከማስፈራት የባሰ ነገር ነው።

በ2020 ረመዳን ዩሱፍ ኤል ሻሪፍ የተወነበት “ኤል ኒሃያ” የ2120ን ዓለም ሲያሳይ ከእስራኤል ውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር ተቃውሞ ገጥሞታል። በዚያው ዓመት ህዳር ኔትፍሊክስ የታውፊቅን ስራ በስድስት ክፍል አቀረበ፤ የመጀመሪያው ግብጻዊ የኔትፍሊክስ ስራ ነው። በኮሜዲ የሚታወቀው አህመድ አሚን ሪፋትን ሆነ። ተመልካቹ እሱን ሲያወድስ የኮምፒውተር ምስሎቹን ተቸ። በእኔ እይታ ከስድስቱ የሚሻለው ኮምፒውተር ብዙም የማያስፈልገው፣ በአባይ ዳር ሰውን በስሙ እየጠራች ወደ ውሃ የምትወስደው “ናዳሃ” የመጣችበት ክፍል ነው።

የእኛ ቤት ከዚህም ይቀጥናል። በ2015 ሮተርዳም ላይ የታየው “ክራምስ” ዳንኤል ታደሰን በዳሎል ፍርስራሽ ውስጥ የሚንከራተት የዓለም ፍጻሜ ተራፊ አድርጎ አሳየ፤ ዳይሬክተሩ ግን ስፔናዊው ሚጌል ያንሶ ነው፣ ያየውም በአብዛኛው የውጭ ፌስቲቫል ታዳሚ ነው።

በዚህ ቅዳሜና እሁድ አንዱን ለማየት ላሰበ፦ “ካይሮ ጣቢያ” 77 ደቂቃ ያህል ብቻ ስለሆነ በእሱ ይጀምር። “ሰማያዊው ዝሆን”ን ሲያይ የመጀመሪያውን ከሁለተኛው አያስቀድም ዘንድ የሚመክረው ካለ አይስማው። “አንያብ”ን ደግሞ ብቻውን ሳይሆን ከሚስቅ ጓደኛ ጋር ይየው።