በየሣጥኑ ያሉት ኪታቦቻችን ለማን ነው የተቀመጡት?

በዚህ ወር ስለ አንድ የቆየ አማና ልናወያያችሁ ፈልገናል።

በደብረ ታቦር ከተማና በዙሪያዋ ባሉት የደቡብ ጎንደር ደጋማ ወረዳዎች፣ በፋርጣም በሉት በእስቴ፣ ወረድ ብሎም በደሪጣና በይፋግ አካባቢ፣ አያቱ ወይም ቅድመ አያቱ ኪታብ የቀሩ ሙስሊም ቤተሰብ ጥቂት አይደለም። ከእነዚህ ቤቶች በአንዳንዶቹ ከአልጋ ሥር የተቀመጠ ሣጥን ወይም ግድግዳ ላይ የተንጠለጠለ የቆዳ ማኅደር ይገኛል። ውስጡ በእጅ የተጻፈ ኪታብ ነው። ቤተሰቡ ያከብረዋል፤ ሕፃናት አይነኩትም፤ በመውሊድ ቀን ዕጣን ይጨስለታል። ማን እንደጻፈው፣ ስንት ቅጠል እንዳለው፣ ስለ ምን እንደሚናገር ሲጠየቅ ግን “እሱን እንግዲህ ሸይኹ ነበሩ የሚያውቁት” የሚል መልስ ይመጣል። ሸይኹ ከሞቱ ሃያ ዓመት አልፏቸዋል።

እኛ ጧት ሉሕ ይዘን ወደ መድረሳ፣ ከሰዓት ደብተር ይዘን ወደ መንግሥት ትምህርት ቤት እየተመላለስን ያደግን፣ ዛሬም በማስተማር ሥራ ላይ ያለን ሰዎች ነን። ተማሪዎቻችን በእጃቸው ባለው ስልክ የመካን ሶላት በቀጥታ ይመለከታሉ። የገዛ አያታቸውን ኪታብ ግን አንድ ገጽ እንኳ አላዩም። ይህ ይቆጨናል። እነዚህን ኪታቦች በካሜራ አንስቶ ማንም ሰው በኢንተርኔት በነጻ እንዲያነባቸው ማድረግ የሚቻልበት ዘመን ላይ ደርሰናልና ነገሩን ዝም ብለን ማለፍ አልወደድንም።

የብዙ ኪታብ የመጀመሪያ ወይም የመጨረሻ ቅጠል ሲገለጥ “ወቅፍ” የሚል ቃል ተጽፎ ይገኛል። ወቅፍ የተደረገ ኪታብ አይሸጥም፤ በስጦታ አይተላለፍም፤ ለወራሾች አይከፋፈልም። የሚያነበው ሁሉ እንዲጠቀምበት ለአላህ ተብሎ የተተወ ነው። በእጁ የያዘው ሰው ጠባቂ እንጂ ባለቤት አይደለም። እንግዲህ በቁልፍ ተዘግቶ የኖረ የወቅፍ ኪታብ አደራው የተጠበቀለት በግማሹ ብቻ ነው ማለት ነው። ወረቀቱ ከእጅ አልወጣም፤ አንባቢው ግን ጠፍቷል። በጥንቱ ጊዜ ደረሳው ስንቁን ቋጥሮ ኪታቡ ወዳለበት ሀገር በእግሩ ይጓዝ፣ ያገኘውንም ቁጭ ብሎ በእጁ ይገለብጥ ነበር። ኪታቡ አንድ ብቻ ሆኖ እንዲቀር የፈለገ ዓሊም አልነበረም። ካሜራው ዛሬ የሚሠራው ያንኑ የግልበጣ ሥራ ነው፤ የሚለየው ፍጥነቱ ነው።

ምን እንዳለን እንወቅ

የኪታቦቹ ወረቀት ራሱ ታሪክ ይናገራል። ጎረቤቶቻችን የቤተ ክርስቲያን ሊቃውንት በጋይንት ቤተልሔም ድጓውን፣ በዙር አምባ ዝማሬ መዋሥዕቱን በብራና ሲጽፉ፣ የእኛዎቹ አብዛኛውን ጊዜ የሚጽፉት ከባሕር ማዶ በመጣ ወረቀት ነበር። ቅጠሉ ወደ ብርሃን ቢያዝ በአንዳንዱ ላይ የተደረደሩ ሦስት ግማሽ ጨረቃዎች ይታያሉ። ይህ የኢጣሊያ ወረቀት ሠሪዎች ወደ ምሥራቅ በሚልኩት ወረቀት ላይ ያደርጉት የነበረ ምልክት ነው። ወረቀቱ በቀይ ባሕር ወደቦች ገብቶ በነጋዴ አጋሰስ ወደ ደጋው ይወጣ ነበር። በ19ኛው መቶ ዘመን ይፋግ የታወቀ ገበያ፣ ደሪጣም የሙስሊም ነጋዴዎች መኖሪያ ከተማ እንደነበሩ ለሚያስታውስ ሰው ነገሩ እንግዳ አይሆንበትም።

ብዙዎቹ ኪታቦች አልተጠረዙም። ቅጠሎቻቸው ለየብቻ ሆነው በማኅደር ውስጥ ይቀመጣሉ። ደረሳው የዕለቱን ትምህርት ብቻ ለማውጣት ይመቸዋል፤ አንድ ጊዜ ከተበተኑ ግን ጣጣ ነው። ደግነቱ ጻፊው በገጹ ግርጌ ጥግ ላይ የሚቀጥለውን ገጽ የመጀመሪያ ቃል አስቀምጦ ያልፋል፤ ቅደም ተከተሉ የሚስተካከለው በእሱ ነው። በኅዳጉ ላይ ደግሞ የፊቅሁ ወይም የነሕዉ ሐሺያ አለ። ከመስመር መስመር መሐል ገባ ብሎ የዐረብኛው ቃል ፍቺ በዐጀም፣ ማለትም በዐረብኛ ፊደል በተጻፈ አማርኛ፣ የተሞላበትም አለ። ሸይኹ ሲያቀሩ ደረሳው የሰማውን እዚያው ከትቦታል ማለት ነው። በእኛ ግምት ከኪታቡ ዋና ጽሑፍ ይልቅ ይህ ይበልጥ ያሳሳል። ዋናው ጽሑፍ በካይሮም በደማስቆም ታትሞ ሊገኝ ይችላል። የኅዳጉ አማርኛ ግን በዓለም ላይ ያለው በዚያች ቅጠል ላይ ብቻ ነው።

ዐጀምን ማንበብ ቀላል እንዳይመስላችሁ። እንደ ጨ እና ኘ ላሉት ድምፆች ዐረብኛ ፊደል የለውም፤ ጻፊዎች ነጥብ እየጨመሩ በየራሳቸው መንገድ ሲጽፏቸው ኖረዋል። እንደ ሸይኽ ጦልሓ ቢን ጃዕፈር ያሉ ዑለማ በዐጀም አማርኛ የጻፉትን ለማንበብ ቃሉን አስቀድሞ በጆሮ የሚያውቅ ሰው ያስፈልጋል። ስለዚህ ፎቶ ብቻውን አይበቃም። መንዙማውን በቃላቸው የሚያውቁ አባት ወይም እናት በሕይወት ሳሉ ገጹ ፊታቸው ተዘርግቶ ሲያነቡት ድምፃቸው በስልክ ቢቀረጽ፣ የዛሬ ሃምሳ ዓመት ያንን ገጽ የሚያነብ ሰው መክፈቻ ቁልፍ አገኘ ማለት ነው።

ሌሎች እስካሁን ምን ሠሩ?

በሀገራችን በዚህ ረገድ ሰፊው ሥራ የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ1973 ነው። በአሜሪካ ሚኒሶታ የሚገኘው ሂል ቤተ መጻሕፍት ከኢትዮጵያ ተቋማት ጋር ሆኖ በየአድባራቱና በየገዳማቱ ያሉትን መጻሕፍት በማይክሮፊልም ማንሳት ጀመረ። ሥራው እስከ 1990ዎቹ ቀጥሎ ከ9,000 በላይ መጻሕፍት ተነሡ። ፕሮፌሰር ጌታቸው ኃይሌም ዕድሜያቸውን ዝርዝራቸውን በማዘጋጀት አሳለፉ። ከዚያ ፊልም ብዙው ዛሬ በኢንተርኔት በነጻ ይታያል። ተሰብስበው የተነሡት ግን በአመዛኙ የቤተ ክርስቲያን መጻሕፍት ነበሩ።

የእስልምናው ተራ ዘግይቶ መጣ። ከ2013 እስከ 2018 እ.ኤ.አ. በፕሮፌሰር አሌሳንድሮ ጎሪ መሪነት በኮፐንሃገን ዩኒቨርሲቲ ሥር በአፍሪካ ቀንድ ያሉ የእስልምና ጽሑፎችን የሚያጠና ፕሮጀክት ተካሂዷል። በሐረር አቶ ዐብዱላሂ ሸሪፍ ከከተማው ቤተሰቦች በየጊዜው ያሰባሰቧቸው ኪታቦች በስማቸው በሚጠራው ሙዚየም ተቀምጠዋል፤ በዲጂታል ካሜራም ተነሥተዋል። የሐረሩን ጉዳይ የምናነሳው በአንድ ምክንያት ነው። ጀማሪው የውጭ ድርጅት አልነበረም። በሰፈሩ ሰዎች ዘንድ የታመነ፣ የተቀደደ ኪታብ መጠገንና መጠረዝ የተማረ አንድ የከተማው ተወላጅ ነበር። ወሎን በተመለከተም እ.ኤ.አ. በ2009 ያረፉት ፕሮፌሰር ሑሴን አሕመድ ስለ 19ኛው መቶ ዘመን የወሎ እስልምና የጻፉት መጽሐፍ ሊጻፍ የቻለው ቤተሰቦች ሣጥናቸውን ስለከፈቱላቸው ነው።

የደብረ ታቦር ሰው ስለ መጻሕፍት መወሰድ ሲነገረው ቶሎ የሚገባው ነገር አለ። ይህች ከተማ ከራስ ጉግሣ እስከ ራስ ዐሊ የየጁ መሳፍንት መናገሻ፣ ኋላም የአፄ ቴዎድሮስ ከተማ ነበረች። ሴባስቶፖል የተባለው መድፍ የተሠራው እዚሁ አጠገባችን ጋፋት ላይ ነው። ንጉሡ በ1866 እ.ኤ.አ. የጎንደርን አድባራት መጻሕፍት አስወሰዱ፤ መጻሕፍቱም መቅደላ ገቡ። በሚያዝያ 1868 የእንግሊዝ ጦር መቅደላን ሲይዝ ወደ 350 የሚጠጉት ለንደን ደረሱ። በ1877 ዊሊያም ራይት የተባለው ምሁር እነዚህን መጻሕፍት አንድ በአንድ ገልጾ ዝርዝራቸውን አሳተመ። ነገሩ ያሳዝናል፤ ያስቃልም። የተወሰዱት ቅጠላቸው ተቆጥሮ ተጽፏል፤ ቤት የቀሩትን የእኛን ኪታቦች ግን ባለቤቱ ራሱ አልቆጠራቸውም።

ኋላ የብሪታንያ ቤተ መጻሕፍት ከኢትዮጵያ መጻሕፍቱ ብዙዎቹን አንስቶ በኢንተርኔት በነጻ ለቀቃቸው። መልካም ነው፤ የፎቶ መለቀቅ መጽሐፉን አይመልሰውም እንጂ። በጥቅምት 2023 እ.ኤ.አ. ደግሞ የኮምፒዩተር ጥቃት ደርሶበት እነዚያ ፎቶዎች ለብዙ ወራት ከእይታ ጠፉ። በእኛም ክልል ከነሐሴ 2015 ዓ.ም. ጀምሮ የሞባይል ኢንተርኔት ለወራት ተቋርጦ እንደነበር ሁላችንም እናውቃለን። ስለዚህ “ኢንተርኔት ላይ አለልን” ብሎ መተኛት አያዋጣም። የኪታቡ ፎቶ ሙሉ ቅጂ በቤተሰቡ እጅ፣ በከተማው መስጊድ ወይም መድረሳ፣ እንዲሁም እንደ ደብረ ታቦር ዩኒቨርሲቲ ባለ ቤተ መጻሕፍት በሃርድ ዲስክ መቀመጥ አለበት። ለዓለም የሚለቀቀው ከዚያ በኋላ ነው።

መቸኮላችንም ያለ ምክንያት አይደለም። በነሐሴ 2013 ዓ.ም. ደብረ ታቦር ላይ የወደቀው ከባድ መሣሪያ በአንድ ቤት ያሉ የቤተሰብ አባላትን ሕይወት ቀጥፏል። በ2011 ዓ.ም. በእስቴ፣ በ2012 ዓ.ም. በሞጣ መስጊዶች ተቃጥለዋል። ነፍስ ከሁሉ ይበልጣል፤ ግን ከቤት ጋር ሣጥንም ይነድዳል። ማሊ ውስጥ የቲምቡክቱ ቤተሰቦች በ2012 እ.ኤ.አ. ታጣቂዎች ከተማቸውን ሲይዙ ኪታባቸውን በብረት ሣጥን እያደረጉ በመኪናና በጀልባ ወደ ባማኮ አሸሹ። በጥር 2013 ታጣቂዎቹ ሲወጡ በአሕመድ ባባ ተቋም የቀሩትን በሺህ የሚቆጠሩ አቃጠሉ። የዳኑት በኋላ በካሜራ ተነሥተዋል። ከጦርነትም በላይ ዝምተኛው ጠላት ደግሞ ምስጥ፣ አይጥና የክረምት ጣራ ፍሳሽ ነው። ነጋዴውም አለ፤ አንዱን ኪታብ በጥቂት ብር ገዝቶ ቅጠል በቅጠል ይቸረችረዋል።

ሽማግሌዎቻችን የሚያነሱት ሥጋት

“ፎቶው ከወጣ ኪታቡ ምን ዋጋ ቀረው?” የሚሉ አሉ። ፎቶ የተነሣ ኪታብ ለሌባ አይመችም። ቢሰረቅ የማን እንደሆነ ማስረጃ አለውና። የቅርስ ጥናትና አጠባበቅ ዐዋጅ ቁጥር 209/1992ም ግለሰብ ቅርስ በእጁ መያዝ እንደሚችል፣ ያለ ፈቃድ ግን ከሀገር ማውጣት እንደማይቻል ደንግጓል። ስለዚህ “ኪታቡን ስጡኝና አንስቼ እመልሳለሁ” የሚል ሰው ሲመጣ መልሱ አንድ ነው፤ ካሜራው ወደ ኪታቡ ይምጣ።

ሌላው ሥጋት ይበልጥ ከባድ ነው። ያለ ኢጃዛ የማይሰጥ ዊርድ፣ ለሰው የማይገለጥ ነገር የያዘ ቅጠል ያለው ኪታብ አለ። ይህንን እንደ ኋላ ቀርነት የሚያዩ ወጣቶች ገጥመውናል፤ አንስማማም። ቤተሰቡ ወይም ሸይኹ ይህ ቅጠል አይነሣ ካሉ አይነሣም። ተነሥቶ ለሕዝብ አይለቀቅ ካሉም አይለቀቅም። ይህ ሁሉ አስቀድሞ በወረቀት ሰፍሮ ይፈረምበታል። በቅርብ ጊዜ የሞቱ ሸይኽ የደረሱት መንዙማ ከሆነም በዐዋጅ ቁጥር 410/1996 መሠረት ደራሲው ከሞቱ በኋላ ለ50 ዓመት መብቱ የወራሾቻቸው ነው፤ እነሱ ሳይፈቅዱ በነጻ ይለቀቅ ማለት አንችልም።

ሥራው እንዴት ይጀመር?

ውድ ካሜራ እስኪገኝ መጠበቅ አያስፈልግም። ደህና ስልክ ካለ ከላይ ወደ ታች እንዲያይ በማይነቃነቅ ነገር ላይ ይታሰራል። የመስኮት ብርሃን በቂ ነው፤ ፍላሽ መብራት አይበራም። የተጠረዘ ኪታብ ጀርባው እስኪሰነጠቅ አይዘረጋም፤ በሁለት ወገን ትራስ ይደረግለታል። እጅ በሳሙና ታጥቦ ይደርቃል። ከገጹ ጎን ማስመሪያ ይቀመጣል፤ የኪታቡ መጠን የሚታወቀው በእሱ ነው። ሽፋኑም፣ ባዶ ገጹም፣ የተቀደደውም ሳይዘለል ይነሣል። የጻፊው ስምና በሒጅራ የተጻፈው ዘመን ብዙ ጊዜ የሚገኘው መጨረሻ ላይ ስለሆነ እዚያ ላይ መቸኮል አይገባም። የተቀደደውን በፕላስተር መለጠፍ፣ ኪታቡን በላስቲክ ጠቅልሎ ማስቀመጥ ግን ከምስጥ የማይተናነስ ጥፋት ነው። ፕላስተሩ ወረቀቱን ያቃጥለዋል፤ ላስቲኩ እርጥበት ይይዝበታል።

ከፎቶው ጋር አንድ ደብተር ይያዝ። ኪታቡ ከማን ወደ ማን እንደተላለፈ፣ ማን ዘንድ እንደተቀራ፣ በየትኛው ሰፈር እንደኖረ ሽማግሌዎች የሚሉት ይጻፍበት። ይህ ለሃይስኩል ተማሪዎቻችን የክረምት ሥራ ይሆናል፤ ሴቶች ልጆቻችንም ከአያቶቻቸው ጋር ለመቀመጥ ከወንዶቹ የበለጠ ትዕግሥት እንዳላቸው በክፍል ውስጥ አይተናል። ሥራው በተጀመረበት ቤት ሁሉ ኪታቡ ከማኅደሩ ከመውጣቱ በፊት ቅጠሉ በቤቱ ታላቅ ፊት ይቆጠር። ሲጨረስም እንደገና ይቆጠርና ቁጥሩ ደብተሩ ላይ ይጻፍ፤ ሁለቱም ወገን ይፈርሙ። ማኅደሩም በዚያው ሰዓት ወደ ቦታው ይመለስ።