ዋሊያስ ከተለያየ በኋላ የመጣው ድምፅ

የቤትዎ የድሮ ካሴቶች የት ናቸው? ዓይደር አክስቴ ቤት ያሉት ከአልጋ ሥር በካርቶን ተቀምጠዋል። ባለፈው እሑድ ልጆቿ «ይህን አቧራ እንጣለው» ሲሏት «እኔ ሳልሞት አይሆንም!» ብላ ካርቶኑ ላይ ተቀመጠችበት። እኔም ከእሷ ጋር ወገንኩ። ምክንያቴ ኃይሉ መርጊያ ነው።

ኃይሉን በዋሊያስ ባንድ ኦርጋን ተጫዋችነቱ ያውቁት ይሆናል። ባንዱ ለዓመታት አዲስ አበባ ሂልተን ይጫወት ነበር። በደርግ ጊዜ፣ በሰዓት እላፊ ምክንያት እንግዳው ቤቱ መሄድ ስለማይችል፣ ሙዚቃው እስኪነጋ ይቀጥላል። እ.ኤ.አ. በ1977 የወጣውን «ቼ በለው» ሲሰሙ ያ ሌሊት ይታይዎታል። ጊታሩ፣ ሳክስፎኑና ኦርጋኑ እየተቀባበሉ ይሄዳሉ፤ ሙላቱ አስታጥቄም በቫይብራፎን አብሯቸው አለ።

በ1981 ባንዱ ለሙዚቃ ጉዞ አሜሪካ ሄደ። ከፊሎቹ ተመለሱ፣ ከፊሎቹ ቀሩ። ኃይሉ ዋሽንግተን ቀረ። በ1985 ስቱዲዮ ሲገባ ከጎኑ ሳክስፎን ነፊም ድራም መቺም አልነበረም። በልጅነቱ የለመደውን አኮርዲዮን አነሳ፤ የቀረውን ለኪቦርድና ለሪትም ማሽን ሰጠ። «ሸሞንሟናዬ» እንዲህ ተሠራ። ዋሊያስን የሚወድ ሰው መጀመሪያ ግር ይለዋል፤ እኔንም ማሽኑ ደርቆብኝ ነበር። ደግመው ሲሰሙት ግን አኮርዲዮኑ ማታ ብቻውን የሚያንጎራጉር ሰው ይመስላል። በበኩሌ አሁን ከ«ቼ በለው» አስበልጠዋለሁ፤ አክስቴ አትስማማም።

ከዓመታት በኋላ ኃይሉ መድረኩን ትቶ ታክሲ መንዳት ያዘ። ኪቦርዱን በመኪናው ይዞ፣ ደንበኛ እስኪመጣ ይለማመድ ነበር። ካሴቱ ግን ባሕር ዳር አንድ ሱቅ ውስጥ ተቀምጦ ቆየ። ብራያን ሺምኮቪትዝ የሚባል አሜሪካዊ ሙዚቃ ሰብሳቢ እዚያ አገኘውና ባለቤቱን አፈላልጎ በ2013 እንደገና አሳተመው። ኃይሉ ወደ መድረክ ተመለሰ፤ በ2018፣ ሰባን ከተሻገረ በኋላ፣ «ላላ በሉ» የተባለ አዲስ አልበም አወጣ።

እርስዎም ካርቶኑን ካወጡ አይቸኩሉ። ካሴቱን ከማጫወትዎ በፊት አንዴ ወደ ፊት፣ አንዴ ወደ ኋላ ያጠንጥኑት። ክሩ ከላላ በእርሳስ ያጥብቁት። ደህና ከሆነ በገመድ ወደ ኮምፒውተር ይቅዱት፤ ቴፑን የሚጠግን ሰው እያደር እየጠፋ ነው።

አክስቴ ጋ ሽፋን የሌላቸው 11 ካሴቶች አሉ። እስካሁን ሦስቱን ሰምተናል፤ አንዱ የሠርጓ ነው።