ከቆርቆሮ ጣራ በላይ፦ የአንቴና የግብዓት ኢምፔዳንስ በኮምፒውተር ሲሰላ

የልደታ አሮጌ መንደሮች ፈርሰው በጋራ መኖሪያ ሕንፃዎች ከመተካታቸው በፊት፣ በየቆርቆሮ ጣራው ላይ የቴሌቪዥን አንቴና የተሰካበት እንጨት ወይም ቧንቧ ቆሞ ይታይ ነበር። ሥዕሉ ሲበላሽ ከቤቱ ልጆች አንዱ ጣራ ላይ ይወጣና አንቴናውን ያዞራል፤ ከውስጥ «ጠራ! በቃ እንዳትነካው!» የሚል ድምፅ ይሰማል። ልጁ እጁን ሲያነሳ ግን ሥዕሉ ተመልሶ ይጠፋል። ብዙዎች ይህን እንደ ዕድል ይቆጥሩት ነበር። የልጁ ገላ ግን፣ እጁ ብረቱን እስከነካ ድረስ፣ የአንቴናው አካል ነበር። ከሕንፃዎች የሚንጸባረቀው ሞገድም የራሱ ድርሻ ነበረው፤ በዚህ ጽሑፍ የምንመለከተው ግን አንዱን ምክንያት ብቻ፣ የግብዓት ኢምፔዳንስን ነው።

ለመሆኑ የግብዓት ኢምፔዳንስ ምንድን ነው? ኬብሉ ከአንቴናው ጋር በሚታሰርበት ነጥብ ላይ ያለው ቮልቴጅ፣ በዚያው ነጥብ ለሚገባው የኤሌክትሪክ ፍሰት ሲካፈል የሚገኘው ቁጥር ነው። ቁጥሩ ሁለት ክፍል አለው። ሬዚስታንሱ በጨረር መልክ የሚሄደውንና በጥቂቱም በሙቀት የሚባክነውን ኃይል ሲያመለክት፣ ሪአክታንሱ በአንቴናው ዙሪያ ተከማችቶ የሚመላለሰውን ይገልጻል። የአንቴናው ቁጥር ከኬብሉ ቁጥር ጋር ካልተጣጣመ ከኃይሉ ከፊሉ ወደመጣበት ይመለሳል። በመቀበያ ሬዲዮ ላይ ጉዳቱ ብዙ ጊዜ ቀላል ነው። በማሰራጫ ላይ ግን ተመላሹ ኃይል የመጨረሻውን ማጉያ ትራንዚስተር አግሎ ሊያቃጥለው ይችላል።

ኤፍ ኤም አዲስ 97.1ን እንደ ምሳሌ እንውሰድ። በ97.1 ሜጋኸርዝ የሞገዱ ርዝመት 3.09 ሜትር ያህል ነው፤ ግማሹ 1.54 ሜትር ይሆናል። በዚህ ልክ የተቆረጠና ከመሃሉ የሚመገብ ቀጭን ዳይፖል፣ በዙሪያው ምንም ነገር በሌለበት ጠፈር፣ 73 ኦም ሬዚስታንስና 42.5 ኦም ሪአክታንስ አለው። ከ75 ኦም ኬብል ጋር ሲያያዝ ከኃይሉ 8 በመቶ ገደማ ይመለሳል። ርዝመቱ ወደ 1.47 ሜትር ሲያጥር ሪአክታንሱ ይጠፋና ከኬብሉ ጋር በደንብ ይጣጣማል። ይህንን ማንኛውም የመማሪያ መጽሐፍ ይነግረናል። ነገር ግን በልደታም ሆነ በሌላ ሰፈር ጠፈር ላይ የተሰቀለ አንቴና የለም!

የኮምፒውተር ስሌት ጥቅሙ እዚህ ላይ ነው። ሮጀር ሃሪንግተን በ1968 እ.ኤ.አ. ባሳተመው መጽሐፍ ባስፋፋው ዘዴ መሠረት፣ ሽቦው ወደ ትናንሽ ክፍሎች ይቆራረጣል፤ 21 እንበል፤ ጎዶሎ ቁጥር የሚመረጠው መጋቢው ነጥብ በትክክል መሃል ላይ እንዲውል ነው። እያንዳንዱ ክፍል በሌሎቹና በራሱ ላይ የሚያሳድረው ተጽዕኖ ሲሰላ 441 ቁጥሮች ይገኛሉ። በብረቱ ገጽ ላይ ሽቦውን ተከትሎ የሚሄድ የኤሌክትሪክ መስክ ሊኖር አይችልም የሚለው ሕግ ደግሞ 21 እኩልታዎችን ይሰጣል። መሃሉ ላይ 1 ቮልት ተሰጥቶ እኩልታዎቹ ሲፈቱ ፍሰቱ ይታወቃል፤ 1 ለፍሰቱ ሲካፈል ኢምፔዳንሱ ነው። በአሜሪካው የሎውረንስ ሊቨርሞር ላቦራቶሪ የተሠራውና ሁለተኛ ዕትሙ በነፃ የሚገኘው ኔክ የተባለው ፕሮግራም ይህንን የሚያከናውነው ከዓይን ጥቅሻ ባነሰ ጊዜ ነው። የመለኪያ መሣሪያው ውድ ለሆነበት ቤተ ሙከራ ይህ ቀላል ስጦታ አይደለም።

አሁን ጣራውን እንጨምር። የቆርቆሮው ሞገድ ከጫፍ ጫፍ ጥቂት ሳንቲ ሜትር ብቻ ስለሆነ፣ 3 ሜትር ለሚረዝመው የሬዲዮ ሞገድ ጣራው ጠፍጣፋ መስተዋት ነው። አንቴናው ከጣራው በላይ 31 ሳንቲ ሜትር ላይ በአግድም ሲቀመጥ ሬዚስታንሱ ወደ 22 ኦም ይወርዳል፤ ሪአክታንሱን ርዝመቱን በማስተካከል ብናስወግደው እንኳ ከኃይሉ 30 በመቶ ያህል ይመለሳል። በ77 ሳንቲ ሜትር ከፍታ 86 ኦም፣ በ1.08 ሜትር ደግሞ 98 ኦም ይደርሳል። ከዚያም እንደገና ይወርዳል። የእንጨቱ ቁመት፣ ምናልባትም ከአንቴናው ዋጋ የበለጠ፣ ወሳኝ ነበር ማለት ነው።

ፕሮግራሙ ግን ያልተነገረውን ጣራ አያውቅም። ያለ ጣራ ጠይቀነው 73 ብሎ ሲመልስ አልዋሸም፤ የጠየቅነው ስለ ሌላ አንቴና ነው። እንዲያውም ሞዴሉ የተሳሳተ ቢሆንም ሁልጊዜ ቁጥር ይሰጣል፤ ቁጥሩም ከነነጥቡ እርግጠኛ መስሎ ይታያል። በተማሪዎች ወረቀት ላይ እስከ አራት አሃዝ የተጻፈ ኢምፔዳንስ ሲያጋጥመኝ መጀመሪያ የምጠይቀው «በዙሪያው ምን ነበር?» ብዬ ነው። ቀጥሎ የክፍሎቹን ቁጥር እጥፍ አድርገው ደግመው እንዲያሰሉ እጠይቃለሁ። ውጤቱ በጉልህ ከተለወጠ የመጀመሪያው መልስ አይታመንም።

በጋራ መኖሪያ ሕንፃ ውስጥ ጥያቄው ይከብዳል። ከሰገነቱ ላይ የተሰቀለ ዳይፖል ጎን ለጎን የሚያገኘው የብረት መደገፊያ፣ ርዝመቱ 1.5 ሜትር አካባቢ ከሆነ፣ ራሱ ሳይመገብ ፍሰት ይሸከማል፤ በያጊ አንቴና ላይ ያሉት ተጨማሪ ዘንጎች እንደሚያደርጉት ማለት ነው። በኮንክሪቱ ውስጥ ያለው ፌሮም አለ። በሞዴሉ ውስጥ መጀመሪያ መግባት ያለበት ቅርቡና ለግማሽ የሞገድ ርዝመት የሚቀርበው መደገፊያ ነው፤ ፌሮው ከዚያ በኋላ፣ የቀዳዳው ስፋት ከ30 ሳንቲ ሜትር በማይበልጥ የሽቦ መረብ ተመስሎ ሊጨመር ይችላል።