ስለ 194,313

በኦሮራ ከተማ ለኢትዮጵያውያን ልጆች ቅዳሜ ቅዳሜ ሒሳብ ሳስጠና፣ በሰሌዳው ላይ አንድ ታላቅ ቁጥር ጽፌ ወደ ብቸኛ ቁጥሮች እንዲበትኑት ማዘዝ የቈየ ልማዴ ነው፤ የቁጥር ጠባይ የሚገለጠው ከአካፋዮቹ ነውና። በ2018 ዓ.ም. የፋሲካ ሰሞን፣ አንዲት ተማሪ የትምህርት ቤት ጓደኞቿ መጋቢት 27 ቀን በዓላቸውን ሲያከብሩ የእኛ እስከ ሚያዝያ 4 ቀን መዘግየቱ አሳስቧት፣ «ጋሼ፣ የእኛን ፋሲካ ማን ቈጠረው?» ብላ በጠየቀችኝ ጊዜ፣ ከሁሉ አስቀድሜ 194,313 ብዬ ጻፍሁላት።

ልጆቹም የመጨረሻው አኃዝ 3 በመሆኑ ቁጥሩ በ2ም በ5ም እንደማይከፈል፣ አኃዞቹ ሲደመሩ 21 ስለሚሆኑ ግን በ3 እንደሚከፈል አስተውለው፣ 64,771 ላይ ደረሱ፤ ይህንም ለ7 ቢያካፍሉት 9,253፣ ያንኑ ደግሞ ለ19 ቢያካፍሉት 487 ወጣላቸው። 23 በራሱ ሲባዛ 487ን ስለሚያልፍ፣ እስከ 19 ባሉት ብቸኛ ቁጥሮች ብቻ ፈትነውት አንዱም ያለ ቀሪ ሊከፍለው ስላልቻለ፣ እርሱም ራሱ ብቸኛ መሆኑን አረጋገጡ።

እነሆ ምስጢሩ። 7 የሳምንቱ ዕለታት ናቸው። 19 ጨረቃ 235 ጊዜ ታድሳ ከፀሐይ ጋር የምትገናኝበት የንኡስ ቀመር ዓመታት ነው። 3 በ487 ሲባዛ የሚገኘው 1,461 ደግሞ፣ በዘመነ ሉቃስ ጳጉሜን 6 ስትሆን የምትጨመረው ዕለት ሳትቀር፣ የአራቱ ወንጌላውያን ዘመናት ዕለታት ድምር ነው። እነዚህ ሦስቱ ቁጥሮች ከ1 በቀር የጋራ አካፋይ ስለሌላቸው፣ ወንጌላዊው፣ ዕለቱና የጨረቃው ሌሊት በአንድነት ወደ መነሻቸው የሚመለሱት 532 ዓመታት፣ ይኸውም 194,313 ዕለታት ሲፈጸሙ ነው፤ ትውፊት ስሌቱን ለእስክንድርያው ሊቀ ጳጳሳት ለድሜጥሮስ የሚሰጠው፣ ፋሲካችን የሚቈጠርበት ባሕረ ሐሳብም ይህን ዙር ዐቢይ ቀመር ይለዋል። 2018 ዓ.ም. በዓመተ ዓለም 7,518 ስለሆነ፣ የዐሥራ አምስተኛው ዐቢይ ቀመር 70ኛ ዓመት ነው።

የሰማይዋ ጨረቃ በአንድ ዐቢይ ቀመር ውስጥ ከዚህ ስሌት ሁለት ቀን በማይሞላ ጊዜ ትቀድማለች፤ ምዕራባውያን ይህንና በፀሐዩ ዓመት ስሌት የተጠራቀመውን ትርፍ ለማረም በ1582 እ.ኤ.አ. አቈጣጠራቸውን ስላሻሻሉ፣ ፋሲካቸው ከእኛ ተለየ። የልጅቱ ጥያቄ መልስም ይኸው ነበር።

ወላጆች ሆይ፣ ልጆቻችሁ ሒሳብ የባዕድ ትምህርት እንዳይመስላቸው፣ በአጥቢያችሁ ባሕረ ሐሳብ የሚያውቁ መምህር ቢገኙ፣ ወረቀትና እርሳስ አስይዛችሁ ወደ እርሳቸው ስደዷቸው።