ለመስክ ላፕቶፕ የሚስማማ ሥርዓተ ክወና

ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 10 ይሰጠው የነበረውን መደበኛ ድጋፍ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. አቁሟል። ኮምፒውተሮቹ ዛሬም ይሠራሉ፤ ነገር ግን ከዚያ ወዲህ የሚገኝ የደኅንነት ቀዳዳ በመደበኛው መንገድ አይደፈንም። ዊንዶውስ 11 ደግሞ ቢያንስ 4 ጊጋባይት ራም፣ 64 ጊጋባይት ማከማቻና ቲ.ፒ.ኤም. 2.0 የተባለውን የደኅንነት ክፍል ስለሚጠይቅ ብዙዎቹ የቆዩ ትንንሽ ላፕቶፖች አይችሉትም። እንግዲህ በእነዚህ ላይ የትኛውን ሥርዓተ ክወና፣ ማለትም ኦፕሬቲንግ ሲስተም፣ እንጫን?

ከጎንደር በአይከል አድርጎ ወደ ገንዳ ውሃና ወደ መተማ ዮሐንስ የሚወርድ ባለሙያ በላፕቶፑ የሚይዘው የሰዎችን መዝገብ ነው። የሱዳን ጦርነት ከተቀሰቀሰበት ከሚያዝያ 2015 ዓ.ም. ወዲህ በመተማ በኩል የገቡ ስደተኞችና ከስደት ተመላሾች ስም፣ የቤተሰብ ብዛትና የጤና ሁኔታ በእንዲህ ዓይነቱ መዝገብ ይሰፍራል። ላፕቶፑ በመንገድ ቢወሰድ የመክፈቻ የይለፍ ቃል ብቻውን አያድነውም፤ ዲስኩን ፈትቶ በሌላ ኮምፒውተር ላይ የሰካ ሰው ሁሉንም ያነብበዋል። ስለዚህ መላው ዲስክ መመስጠር አለበት። ሊኑክስ ሚንት ሲጫን ይህን ያለ ክፍያ ይፈቅዳል፤ በዊንዶውስ ግን ቢትሎከርን በሙሉ አቅሙ ለማግኘት ፕሮ የተባለውን ዓይነት መግዛት ያስፈልጋል። ቁልፉ ከጠፋ መዝገቡም ስለማይመለስ ቅጂው በታሸገ ፖስታ በጽሕፈት ቤቱ ካዝና ይቀመጥ።

ሁለተኛው ጉዳይ ኔትወርክ ነው። በሐምሌ 2015 ዓ.ም. መጨረሻ በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ተቋርጦ ለብዙ ወራት መቆየቱ አይዘነጋም። ሆም የተባለው የዊንዶውስ 11 ዓይነት ገና ሲዘጋጅ ኢንተርኔትና የማይክሮሶፍት አካውንት ይጠይቃል። ሚንት ግን ከአንድ ፍላሽ ያለ ኢንተርኔት ይጫናል፤ ሊብሬ ኦፊስም አብሮት ይመጣል። 2 ጊጋባይት ራም ያስነሣዋል፤ ተመራጩ ግን 4 ነው። ያለ ፈቃድ የተቀዳ ዊንዶውስ በየሱቁ በርካሽ መጫኑን እናውቃለን፤ ለቤተ ክርስቲያን ተቋም ግን አይገባም።

በአማርኛ ጽሑፍ ረገድ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። የግዕዝ ፊደል በ1999 እ.ኤ.አ. ዩኒኮድ ውስጥ ስለገባ በዚሁ የተጻፈ ሰነድ፣ ፊደሉና የአማርኛ ኪቦርዱ እስከተጫኑ ድረስ፣ በሚንትም ይነበባል። በቀድሞዎቹ የፓወር ግዕዝ ፊደላት የተጻፉ የቆዩ ሪፖርቶች ግን ፊደላቱ በሌሉበት ትርጉም የለሽ ምልክት ይሆናሉ፤ እነዚህን አሮጌው ዊንዶውስ ሳይነሣ ወደ ዩኒኮድ ማዛወር ይገባል። በዚህ ላይ የሚጠፋው ጊዜ ከመጫኑ ሥራ ይበልጣል።

ሒሳብ ክፍል ከዚህ ውጭ ነው። ፒችትሪ የሚሠራው በዊንዶውስ ስለሆነ የሒሳብ ሠራተኛው ኮምፒውተር ዊንዶውስ 11 ይዞ በጽሕፈት ቤት ይቆይ። በኮቦ የምንሰበስበው የዳሰሳ መረጃ ደግሞ በአንድሮይድ ስልክ ወይም በማንኛውም ብሮውዘር ስለሚሞላ በዚህ ምርጫ አይነካም።

ሚንትን በዲስኩ ላይ ሳይጭኑ ከፍላሽ አስነሥቶ ዋይፋዩን፣ ማተሚያውንና የአማርኛ ጽሕፈቱን መሞከር ይቻላል። ሙከራው ወደ ቆላው ከመውረድ በፊት ጎንደር ላይ ቢደረግ ይመረጣል፤ የጎደለ ቢኖር ከዚያው አውርዶ ማሟላት ይቻላልና።