ለሕሙማን መርጃ የሚደረግ የብስክሌት ጉዞና የተጓዦች ጤና አጠባበቅ

በጎ አድራጎት በልዩ ልዩ መንገድ ይፈጸማል። ባለ ሀብት ከሀብቱ ይለግሳል፤ ሐኪም በሙያው ያገለግላል፤ ሀብትም የሕክምና ሙያም የሌለው ሰው ደግሞ ጉልበቱንና ላቡን ይሰጣል። በብዙ አገሮች የአንድ መሥሪያ ቤት ባልደረቦች በማኅበር ሆነው፣ ሁለት ቀን ወይም ከዚያ በላይ የሚፈጅ መንገድ በብስክሌት እየተጓዙ፣ ለሕሙማን የሚውል ገንዘብ ከወዳጅ ከዘመድ ያሰባስባሉ። ይህ ሥራ ለመምህራንና ለመሥሪያ ቤት ሠራተኞች ትምህርት የሚሰጥ ስለ ሆነ፣ አጀማመሩንና ከጤና አጠባበቅ ጋር ያለውን ግንኙነት ከዚህ በታች እንገልጻለን። የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

የጉዞው አጀማመር

በአሜሪካ በማሳቹሴትስ ግዛት ቢሊ ስታር የሚባል ሰው አለ። እናቱ በ1974 ሜላኖማ በተባለው የቆዳ ካንሰር ሞቱበት። እርሱም ኀዘኑን ወደ ሥራ ለውጦ፣ በ1980 ሠላሳ አምስት ሰዎች አስከትሎ ከስፕሪንግፊልድ እስከ ፕሮቪንስታውን የባሕር ዳርቻ ድረስ 220 ማይል፣ ማለት 354 ኪሎ ሜትር ያህል፣ በብስክሌት ተጓዘ። ሠላሳ ስድስቱ ሰዎች ያገኙት 10,200 ዶላር በቦስተን ከተማ ለሚገኘው ለዳና ፋርበር የካንሰር ሆስፒታልና ምርምር ተቋም ተሰጠ። ይህ «ፓን ማስ ቻሌንጅ» የተባለው ጉዞ ከዚያ ወዲህ በየዓመቱ ሲቀጥል፣ እስከ 2024 ድረስ የተሰበሰበው ገንዘብ በጠቅላላው ከአንድ ቢሊዮን ዶላር በላይ ሆኗል። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር የሚለው የአባቶች ቃል በዚህ ሥራ እውነትነቱ ይታያል።

ከተጓዦቹ ብዙዎቹ በቡድን የተደራጁ ሲሆኑ፣ ከቡድኖቹም የአንድ መሥሪያ ቤት ሠራተኞች የመሠረቷቸው ይገኛሉ። ሐኪሞችና ነርሶች፣ ከካንሰር የዳኑ ሰዎችም አብረው ይጓዛሉ። እያንዳንዱ ተጓዥ አስቀድሞ የገንዘብ ቃል ይገባል፤ ቃል የገባውን ያህል መሰብሰብ ካልቻለ ጉድለቱን ከራሱ ኪስ ያሟላል። አንዳንድ ቡድኖች በሕክምና ላይ ከሚገኝ አንድ ሕፃን ጋር ይዛመዳሉ። ስለዚህ ተጓዡ ዳገት ላይ ሲደክም የሚያስበው ስለ ገንዘቡ ብዛት ሳይሆን ስለሚያውቀው ልጅ ነው።

የተሰበሰበው ገንዘብ ፍሬ

ተቋሙን የመሠረቱት ዶክተር ሲድኒ ፋርበር ናቸው። ሉኬሚያ የተባለው የደም ካንሰር በዚያ ዘመን ሕፃናትን በጥቂት ወራት ውስጥ ይገድል ነበር። ዶክተሩ ከ1947 ጀምሮ አሚኖፕተሪን የተባለውን መድኃኒት ለሕፃናት እየሰጡ ሞከሩ፤ በ1948ም ካከሟቸው 16 ሕፃናት 10ሩ መሻሻል እንዳሳዩ ገለጹ። መሻሻሉ ጊዜያዊ ቢሆንም፣ ካንሰርን በመድኃኒት ለመታገል በር ከፈተ። በዚያው ዓመት ስሙ እንዳይታወቅ «ጂሚ» የተባለ የ12 ዓመት ሕመምተኛ ልጅ በራዲዮ ቀርቦ ከሕዝቡ ብዙ ገንዘብ ተዋጣ። ያ ልጅ ድኖ፣ አድጎና ቤተሰብ መሥርቶ እስከ 2001 ድረስ ኖረ። ዛሬ በበለጸጉት አገሮች በሕፃናት ላይ አብዝቶ የሚታየው የሉኬሚያ ዐይነት ከያዛቸው 100 ሕፃናት መካከል 90 ያህሉ ከአምስት ዓመት በላይ በሕይወት ይኖራሉ። እንግዲህ ምርምር ጊዜና ገንዘብ የሚጠይቅ ሥራ ስለ ሆነ፣ የብዙ ሰዎች ትንንሽ መዋጮ ከንቱ እንደማይቀር ከዚህ መረዳት ይቻላል።

ሕመምተኛን ለመርዳት የወጣ ራሱ እንዳይታመም

ነገር ግን የዓመቱን ቀናት በወንበር ተቀምጦ የኖረ ሠራተኛ ባንድ ጊዜ ተነሥቶ ረጅም መንገድ ቢጓዝ፣ ሆስፒታሉን ከመርዳት ይልቅ የሆስፒታሉን አልጋ ይይዛል። በጎ ፈቃድ ብቻ ደካማ ጡንቻን አያጠነክርም። ስለዚህ የሚከተሉትን ነገሮች ማስተዋል ያስፈልጋል።

አንደኛ፣ ዝግጅት። ከጉዞው በፊት ቢያንስ ሦስት ወር መለማመድና ርቀቱን በየሳምንቱ ጥቂት በጥቂት መጨመር ይገባል። የልብ ሕመም፣ የደም ግፊት ወይም የስኳር በሽታ ያለበት ሰው አስቀድሞ ሐኪም ያማክር። ከጉዞው ሁሉ የሚከብደው የደከመ ሰውነት ሳያርፍ የሚነሣበት ሁለተኛው ቀን ስለ ሆነ፣ ሁለት ቀን በተከታታይ መለማመድ ይጠቅማል።

ሁለተኛ፣ ውኃና ጨው። ውኃ ማነስ እንደሚጎዳ ሁሉ፣ ከልክ በላይ መጠጣትም የደምን ሶዲየም አቅጥኖ አንጎልን ሊያሳብጥና ሊገድል ይችላል። በ2002 በተደረገው የቦስተን ማራቶን ከ488 ሯጮች ደም ተወስዶ ሲመረመር፣ ከመቶው 13ቱ የሶዲየማቸው መጠን ከሚገባው በታች ሆኖ ተገኘ። በተለይ የተጎዱት ብዙ ጠጥተው ክብደታቸው የጨመረ ሯጮች ነበሩ። ስለዚህ ጥማትን እየተከተሉ መጠጣት፣ ጨው ያለበት ምግብም መብላት ይበጃል።

ሦስተኛ፣ ንጽሕና። ላብ ያረጠበውን የመንጃ ሱሪ ለብሶ መዋል በኮርቻው ላይ የሚያርፈውን ቆዳ ይልጠዋል፤ ተሐዋስያንም በተላጠው ገብተው እባጭ ያወጣሉ። ከብስክሌት እንደ ወረዱ ወዲያውኑ ታጥቦ ንጹሕና ደረቅ ልብስ መለወጥ ይገባል። የውኃ ኮዳ ለእያንዳንዱ ሰው የግሉ ይሁን፤ ፍሬንና ጎማ የነካ እጅም ሳይታጠብ ምግብ አይንካ። አንዱ ተቅማጥ ቢይዘው አብረው የሚበሉትና የሚያድሩት ሁሉ ሊታመሙ ይችላሉ።

አራተኛ፣ ፀሐይ። የቢሊ ስታር እናት በሞቱበት በሜላኖማ ከሚያሲዙት ነገሮች ዋነኛው የፀሐይ ጨረር ነው። ካንሰርን ለመዋጋት የሚጓዝ ሰው ክንዱንና አንገቱን ሳይሸፍን፣ ፀሐይ መከላከያ ቅባትም ሳይቀባ ቀኑን ሙሉ ቢውል ሥራውን በራሱ እጅ ያፈርሳል።

አምስተኛ፣ አደጋን መከላከል። የራስ ቁር ማድረግና ፍሬኑን፣ ጎማውንና ካቴናውን ማለዳ ማለዳ መመርመር ግዴታ ነው። ጉድጓድ ወይም ድንጋይ ያየ ሰው ድምፁን ከፍ አድርጎ ከኋላ ላሉት ያስታውቅ።

ብርቱውና ደካማው

በቡድን የሚነዱ ሰዎች አንድ ትልቅ ጥቅም አላቸው። ከፊት ያለው ነፋሱን ስለሚከለክል፣ ከኋላው ተጠግቶ የሚነዳው ድካሙ እስከ ሲሶ ድረስ ሊቀንስለት ይችላል። ስለዚህ ብርቱዎቹ እየተፈራረቁ ከፊት ይሆናሉ፤ ደካሞቹም ከኋላቸው ይጠለላሉ። በመሥሪያ ቤቱ አለቃ የሆነው ሰው በመንገድ ላይ ከተላላኪው ኋላ መጠለል ያስፈልገው ይሆናል፤ ይህም ለሁለቱም መልካም ትምህርት ነው። የቡድኑም ፍጥነት በደካማው መጠን ይወሰን። ደካማ ጓደኛውን በዳገት ትቶ የሚሮጥ ቡድን፣ ሕመምተኛን እረዳለሁ ማለቱ ከአፍ አያልፍም።

ለመምህራንና ለሠራተኞች

ይህን ለመጀመር ብዙ ገንዘብ ወይም ረጅም መንገድ አያስፈልግም። የአንድ ትምህርት ቤት መምህራን ወይም የአንድ መሥሪያ ቤት ሠራተኞች መኪና በማይበዛበት መንገድ 20 ኪሎ ሜትር ሄደው በማግሥቱ ቢመለሱና መዋጮውን በአቅራቢያቸው ላለው ጤና ጣቢያ ቢያስረክቡ፣ ሥራው የተሟላ ነው። ብስክሌት የሌለው በእግሩ ይጓዝ። ተሳታፊውም ሳያገኝ አይቀርም፤ በሳምንት ከ150 ደቂቃ የማያንስ መጠነኛ እንቅስቃሴ የልብ ሕመምን፣ የአንጀትንና የጡት ካንሰርን አደጋ ይቀንሳልና። ይሁን እንጂ የተሰበሰበው ገንዘብ በሁሉ ፊት ይቈጠር፤ ለምን እንደ ዋለም ለሰጪዎቹ ይነገር። ተጓዦቹ በጤና ተመልሰው ሰኞ ጠዋት በየሥራቸው ከተገኙ፣ ገንዘቡም ለሕመምተኛው ከደረሰ፣ በሚመጣው ዓመት አብረዋቸው የሚጓዙ ሌሎች ባልደረቦች አይጠፉም።