የደንና የግጦሽ ቃጠሎ ከአየር ንብረት ለውጥ ጋር ያለው ግንኙነት

በበጋው ወራት መጨረሻ ከጋራው ላይ ጢስ ሲወጣ መታየቱ በአገራችን አዲስ ነገር አይደለም። ከጥር ጀምሮ የበልጉ ዝናብ እስኪገባ ድረስ ሣሩ ይደርቃል፣ ቅጠሉ ይረግፋል፣ ነፋሱም ይበረታል። ከቅርብ ዓመታት ወዲህ ግን ቃጠሎ በተነሣ ቁጥር «የአየር ንብረት ለውጥ ያመጣው ነው» ሲባል እንሰማለን። ከገበሬው ወገን ደግሞ «እሳት የሚለኩሰው ሰው ነው፤ አየር ክብሪት አይጭርም» የሚል መልስ ይሰጣል። ሁለቱም አባባል እውነትነት አለው። በዚህ ጽሑፍ ሁለቱ የሚገናኙበትን ቦታ፣ ይኸውም ለገበሬው፣ ለከብት አርቢውና ለልማት ሠራተኛው ምን ማለት እንደሆነ ለማብራራት እንሞክራለን።

በመጀመሪያ የእሳቱን መነሻ እንመልከት። መብረቅ ደረቅ ሣርን ሊያቀጣጥል ይችላል። ሆኖም በአገራችን መብረቅ የሚበዛው ከዝናብ ጋር ስለሆነ አብዛኛው ቃጠሎ የሚነሣው ከሰው እጅ ነው። አዲስ ማሳ ለመመንጠር፣ ያረጀ ሣር አቃጥሎ ለከብት ለጋ ሣር ለማብቀል፣ ከሰል ለማክሰል፣ ማር ለመቁረጥ እሳት ይለኮሳል። ማር ቆራጩ ንቡን በጢስ አባሮ ችቦውን እዚያው ጥሎ ከሄደ፣ የረገፈው ቅጠል ደረቅ እንደሆነ ዋጋ የሚያስከፍለው ማሩን ብቻ አይደለም።

ይሁን እንጂ እሳት መለኮሱና እሳቱ ሰደድ መሆኑ የተለያዩ ነገሮች ናቸው። በየዓመቱ ብዙ እሳት ይለኮሳል፤ አብዛኛው ጥቂት ሄዶ ይሞታል። ልዩነቱን የሚያመጣው በሚቃጠለው ነገር ውስጥ ያለው እርጥበት ነው። ቀጭን የደረቀ ሣር ከአየሩ ጋር አብሮ በሰዓታት ውስጥ ይረጥባል፣ ይደርቃል። ጠዋት በጤዛ እንቢ ያለው ሣር እኩለ ቀን ላይ እንደ ጭድ የሚነደው ለዚህ ነው። ወፍራም የወደቀ ግንድና ጥቅጥቅ ያለ የቅጠል ብስባሽ ግን በአንድ ቀን ፀሐይ አይደርቅም። ሳምንታት፣ አንዳንዴም ወራት ይፈልጋል። ስለዚህ ሣር በማንኛውም በጋ ሊነድ ይችላል፤ እርጥብ ደን ግን የሚነደው ድርቁ ሲረዝም ብቻ ነው።

ለዚህ ከሁሉ የጎላው ምሳሌ የባሌው የሐረና ደን ነው። ሐረና ከተራራው በስተደቡብ ያለ፣ ጥላው ከባድ፣ በውስጡም የዱር ቡና የሚበቅልበት እርጥብ ደን ነው። በተለመደው ዓመት በዳሩ የተለኮሰ እሳት ወደ ውስጥ ዘልቆ ብዙ አይሄድም። በ1992 ዓ.ም. ግን በደቡቡ የአገሪቱ ክፍል ድርቅ ነበር። ከየካቲት ጀምሮ በባሌና በቦረና የተነሣው ቃጠሎ ለሁለት ወር ያህል ቆይቶ በሁለቱ አካባቢዎች ከ100,000 ሄክታር በላይ አዳረሰ። የአካባቢው ሕዝብና የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች በአካፋና በቅርንጫፍ ተረባረቡ፤ ከደቡብ አፍሪካ፣ ከጀርመንና ከአሜሪካ ባለሙያዎች መጡ። በመጨረሻ ጨርሶ ያጠፋው ግን ሚያዝያ ላይ የዘነበው ዝናብ ነው። ድርቅ በበረታበት በ1976 ዓ.ም.ም እንዲሁ ሰፊ የደን ቃጠሎ ደርሶ ነበር። በሁለቱም ዓመታት የለኳሹ ቁጥር ከሌላው ጊዜ በዝቶ ነበር ለማለት ምክንያት የለንም። የበዛው ድርቀቱ ነው።

የአየር ንብረት ለውጥ የሚገባውም እዚህ ላይ ነው። የዓለም አማካይ ሙቀት ከ19ኛው መቶ ዓመት ሁለተኛ አጋማሽ ወዲህ ከ1 ዲግሪ ሴልሺየስ በላይ ጨምሯል። አንድ ዲግሪ ለሰው ገላ ኢምንት ሊመስል ይችላል። ነገር ግን አየር በ1 ዲግሪ በሞቀ ቁጥር ሊይዝ የሚችለው ተን በ7 በመቶ ያህል ይጨምራል። ዝናብ ካልመጣለት ይህን ተን የሚያገኘው ከአፈሩ፣ ከቅጠሉና ከሣሩ መጥጦ ነው። በሌላ አነጋገር የዝናቡ መጠን ሳይቀንስ እንኳ መሬቱ ቀድሞ ይደርቃል። ከ2013 እስከ 2015 ዓ.ም. በደቡብና በደቡብ ምሥራቅ ኢትዮጵያ፣ በሶማሊያና በሰሜን ኬንያ አምስት የዝናብ ወቅቶች በተከታታይ ሳይሳኩ ቀሩ። ይህን የመረመሩ የአየር ንብረት ጠበብት በ2015 ዓ.ም. ባወጡት ጥናት፣ ያው የዝናብ እጥረት በቀድሞው ሙቀት ደርሶ ቢሆን ኖሮ ለድርቅ እንደማያበቃ ገልጸዋል።

እዚህ ላይ ግን አንድ ነገር ማስጠንቀቅ እንወዳለን። ሙቀት ጨመረ ማለት በየቦታው ቃጠሎ ጨመረ ማለት አይደለም። በዓለም በየዓመቱ ከሚቃጠለው መሬት ከግማሽ በላይ የሚገኘው በአፍሪካ ሲሆን፣ ይኸውም በአብዛኛው የሣር ምድር ነው። ከሳተላይት የተገኘው መረጃ እንደሚያሳየው ይህ ስፋት ባለፉት አሥርት ዓመታት ቀንሷል፤ ምክንያቱም ሣሩ ታርሶ ማሳ ሆኗል። የሣር ቃጠሎም ከደን ቃጠሎ ጋር አንድ አይደለም። ሣር በሚቀጥለው ዝናብ ይመለሳል፣ ያወጣውንም ካርቦን መልሶ ይወስዳል። ደን ግን የመቶ ዓመት ክምችቱን በሳምንት አውጥቶ ለመተካት የሰው ዕድሜ አይበቃውም።

እሳትን ሁሉ መከልከልም መፍትሔ ሆኖ አልተገኘም። በቦረና የግጦሽ ቃጠሎ በ1960ዎቹ መጨረሻ ገደማ ከተከለከለ በኋላ እሾሃማ ቁጥቋጦ ሣሩን እየዋጠ መጣ። የከብቱ መብዛትና የግጦሹ መጎዳትም አስተዋፅኦ ነበረው፤ እሳቱ መቅረቱ ግን ቁጥቋጦውን የሚገታ ነገር አሳጣ። በባሌ ከ3,000 ሜትር በላይ ባለው ደጋ ደግሞ ከብት አርቢዎች ያረጀውን አስታ በተወሰኑ ዓመታት ልዩነት ሲያቃጥሉ ኖረዋል። አስታ ከተቃጠለ በኋላ ከሥሩ ያቆጠቁጣል፤ ለጋው ቁጥቋጦ ለጥቂት ዓመታት እሳት አይቀበልም። ስለዚህ አዲስ የተቃጠለው ቦታ ከሌላ በኩል ለሚመጣው እሳት አጥር ይሆናል። ይህን የአባቶች ዕውቀት «ኋላ ቀር» ብሎ ማለፍ ትክክል አይመስለንም።

ችግሩ ዕውቀቱ የተመሠረተበት የወቅት ቆጠራ መዛባቱ ነው። «በዚህ ወር ብንለኩስ በዚህ ሳምንት ይዘንባል» የሚለው ስሌት ዛሬ አያስተማምንም። በመሆኑም የቀን መቁጠሪያውን ሳይሆን መሬቱን መመልከት ያስፈልጋል። በደን ውስጥ እሳት መለኮስ በሕግ የተከለከለ ስለሆነ በምንም ዓይነት አይሞከርም። በማሳና በተፈቀደ የግጦሽ ቦታ ላይ ደግሞ ከመለኮስ በፊት ከጥላ ሥር የወደቀ የአውራ ጣት ውፍረት ያለው ጭራሮ አንሥቶ መስበር ይጠቅማል። ጎብጦ የሚላጥ ከሆነ እርጥበት አለው። ቀጭ ብሎ ከተሰበረ ግን ጥላ ያለበት ቦታ ሳይቀር ደርቋልና እሳቱ ለሌላ ጊዜ ይቆይ።

የእሳት ማቋረጫ መስመር የሚጠረገው ከመለኮሱ በፊት ነው፤ ሣሩ ታጭዶ ብቻ ሳይሆን አፈሩ እስኪታይ ድረስ። ቦታው ዳገት ከሆነ ጥንቃቄው ይጨምራል። እሳት ሽቅብ ሲወጣ ከፊቱ ያለውን ሣር በነበልባሉ ቀድሞ ስለሚያደርቀው፣ የዳገቱ ቁመት በ10 ዲግሪ በጨመረ ቁጥር ፍጥነቱ በግምት እጥፍ ይሆናል። በ2011 ዓ.ም. መጋቢትና ሚያዝያ በሰሜን ተራሮች ፓርክ የደረሰው ቃጠሎ በገደላማ ቦታ ላይ ስለነበር ሰው በእግሩ ሊደርስበት አልቻለም፤ ከኬንያ ሄሊኮፕተር፣ ከእስራኤልም ባለሙያዎች እስኪመጡ አስፈልጓል። ስለዚህ እሳት ለማጥፋት የሚሄድ ሰው በምንም ምክንያት ከእሳቱ በላይ ባለው ዳገት ላይ አይቁም። ከጎን በኩል ይግባ፤ ተመልሶ የሚወጣበትንም መንገድ አስቀድሞ ይወቅ።

ነበልባሉ ከጠፋ በኋላ ሰው ሁሉ ወደ ቤቱ ይበተናል። በእኛ አስተያየት ብዙ ቃጠሎ ሁለተኛ የሚነሣው በዚህ ሰዓት ነው። ፍሙ በሥርና በብስባሽ ውስጥ ተዳፍኖ ያድርና የቀትር ነፋስ ሲመጣ እንደገና ይነሣል። ጢስ የሚወጣበትን ጉቶ ቆፍሮ ማገላበጥ፣ ውኃ ከሌለ በአፈር ማሸት ይገባል። አመዱ ላይ የእጅ ጀርባ ጠጋ አድርጎ ሙቀቱን መፈተሽ፣ ሁለት ሰዎችንም እዚያው አሳድሮ በማግሥቱ ቀትር ላይ እንደገና መዞር ያስፈልጋል።